ሁለት ተኩል የሌለው ማዞሪያ

ሟቹን ከታንከሩ ሆድ ጎትቶ ለማውጣት አራት ሰው ፈጅቷል። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ በወርክሾፑ ወለል ላይ ሸራ ለብሶ ተጋድሟል። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን ጥለው፣ እጃቸውን አጣምረው ግድግዳ ተደግፈዋል። የሚጮኸው አንድ ማሽን ብቻ ነበር፤ በወፍራም ቱቦ ንጹሕ አየር ወደ ታንከሩ ውስጥ የሚነፋው የአየር መንፊያ።

«ይኼ ማሽን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው?» አለች።

«እኔ ከምሳ ስመለስም ይሠራ ነበር» አለች ጠባቂዋ። ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት፤ ሥራዋ ሰው ታንከር ውስጥ ሲገባ አፉ ላይ ቆሞ ማየትና በየጊዜው መጥራት ነው። «ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ‹እትዬ፣ ገና እየፋቅኩ ነው፣ ቀለም አልበጠበጥኩም፤ ሂጂና ወረፋ ያዢ› አለኝ። በልቼ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ብጠራው ዝም። በባትሪ ባበራ እግሩን አየሁት። ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው!»

ሟቹ የአርባ ስድስት ዓመት ቀለም ቀቢ ነበር። የብረት የውኃ ታንከሮችን ውስጣቸውን ይቀባል። ሠራተኞቹ አባ ጥራት ይሉታል። የራሱን ጥላ እንኳ ጠማማ ነው ብሎ ያስተካክላል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጆሮው ላይ የድምፅ መከለያ እንደተደፋ ነው። አፉን የሸፈነው ጭንብል አቧራ እንጂ ጋዝ የሚከለክል አይደለም።

የድርጅቱ ነርስ መጥታ ነበር። «ልቡ ቆሞ ነው» ብላለች።

«የሁሉም ሟች ልብ እኮ ይቆማል» ሲል ሳጅኑ በኢንስፔክተሯ ጆሮ አንሾካሾከ። ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። የታንከሩን ውስጥ በባትሪ እያየች ነበር። አንዱ ግድግዳ ከግማሽ በላይ በነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ጫፉ ላይ ግን ብሩሹ ወደ ታች ተንሸራቶ ረጅም ጭረት ጥሏል። አባ ጥራት የተባለ ሰው እንዲህ ያለ ጭረት ጥሎ የሚሄድ አልመሰላትም።

የደሙ ምርመራ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«የቲነር ትነት ነው የገደለው። አየር በሌለበት ታንከር ውስጥ ያ ቀለም ከተከፈተ አምስት ደቂቃ አያቆይም። መጀመሪያ ጉልበት ይከዳል፣ ቀጥሎ ሐሳብ ይደበዝዛል። ውጣ የሚል ሰው ከሌለ እዚያው ነው።»

«መንፊያው ግን ሲሠራ ነው ያገኘነው።»

«እንግዲያው ወይ መንፊያው ዋሽቷል ወይ ደሙ ዋሽቷል» አለ ሐኪሙ። «ደም ሲዋሽ እኔ አላየሁም።»

*

የምርት ኃላፊው ቢሮ ከወርክሾፑ በላይ፣ በመስታወት የታጠረ ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት እስክሪብቶዎች እኩል ለእኩል ተደርድረዋል። ሠራተኞቹ ማስመሪያው ይሉታል፤ ፊት ለፊቱ ግን ኢንጂነር ነው። ኢንስፔክተሯ ስለ መንፊያው ገና አፏን ስትከፍት መሳቢያውን ስቦ ወረቀት አወጣ።

«ይህን ፈልገው ይሆናል የመጡት። መንፊያው መዝጋቢ መሣሪያ አለው፤ ቁጥሩን ወደ እኔ ኮምፒውተር ይልካል። በሒሳብ ፕሮግራም ግራፍ ሠራሁለት።»

ወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ ሸለቆ ተስሏል። መስመሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ከአራት ቁጥር ይነሣና ቀስ እያለ እንደ ቁልቁለት ይወርዳል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዜሮ ይነካል። ከዚያ ወደ ላይ ይቀናና ለሰባት አሥር ጉዳይ ላይ አራት ላይ ይመለሳል።

«መብራት ነው» አለ ኃላፊው። «ኃይሉ ቀስ በቀስ ደከመ፣ መንፊያውም አብሮ ደከመ፣ በኋላ ተመለሰ። የማንም እጅ የለበትም። የሚያሳዝን አደጋ ነው።»

«ይህን መቼ ነው የሠሩት?»

«ትናንት ማታ። ስለ ደሙ ስሰማ።»

«ጥሩ ነው።»

«እኔ ራሴ ጠዋቱን ሙሉ ዋናው ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እስከ ስድስት ሰዓት። አምስት ሰው ይመሰክርልኛል።»

ኢንስፔክተሯ ግራፉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደረጃውን ሲወርዱ ሳጅኑ «በቃ፣ ክሱን መብራት ኃይል ላይ እንመሥርታ» አለ።

«የት ነበርክ ብዬ ጠየቅኩት እንዴ?»

«ኧረ አልጠየቁትም።»

«ያልጠየቅኩትን የሚመልስ ሰው አልወድም።»

*

መንፊያው ያለበት ግድግዳ ላይ በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሣጥን አለ። ሣጥኑን የከፈተላቸው የድርጅቱ ኤሌክትሪሺያን ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኖቹ ደም መስለዋል፤ ከለቅሶው ብቻ አልነበረም፣ ሲናገር የትናንት መጠጥ ይሸታል።

«የዚህ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ማስመሪያው... ኢንጂነሩ ጋ።»

ውስጡ አንድ ጥቁር ማዞሪያ አለ። ዙሪያውን ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተጽፏል። ኢንስፔክተሯ ይዛ አዞረችው። ቀጭ። ሦስት። ቀጭ። ሁለት። በሁለትና በሦስት መካከል ልታቆመው ሞከረች፤ ማዞሪያው እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ አንዱ ዘሎ ገባ። እንደገና ሞከረች። እንደገና ዘለለ።

«ሁለት ተኩል የሚባል የለም?»

«የለም። ወይ ሁለት ወይ ሦስት ነው።»

«መዝጋቢው የሚመዘግበው ምኑን ነው? የነፋሱን ኃይል?»

«አይ፣ ማዞሪያውን ነው። ነፋሱን የሚያውቅበት ነገር የለውም። መብራት ቢደክምም ቢበረታም መዝጋቢው ማዞሪያው የቆመበትን ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው።»

ኢንስፔክተሯ ግራፉን አወጣች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ላይ መስመሩ በሁለትና በሦስት መካከል በኩራት ያልፋል። ማዞሪያው ሊቆምበት በማይችለው ቦታ ላይ።

«የዚያን ቀን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምከፍተው። አራት ላይ አድርጌ ዘግቼው ሄድኩ።» የማዞሪያውን ቁጥሮች አየ። «ይመስለኛል።»

«ከወንድምህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

ኤሌክትሪሺያኑ መሬት መሬት አየ። «ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ሰክሬ ሥራ ገብቼ እሱ ነው ያስቀጣኝ። ሦስት ወር ታገድኩ። ‹ወንድሜ ስለሆንክ ነው› አለኝ። እኔ ግን ‹ወንድም ወንድሙን አይከስስም› አልኩና ደጁን አልረገጥኩም።»

ሳጅኑ ማስታወሻው ላይ አንድ ቃል ጽፎ ሁለቴ አሰመረበት።

*

የሟቹ ሚስት የሒሳብ መምህርት ናት። ያገኟት ቤቷ ሳይሆን ትምህርት ቤት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። ጥቁር ለብሳ፣ የተማሪዎቿን ፈተና ከፊቷ ከምራ ተቀምጣለች።

«ሐዘን ላይ ሆነው ያርማሉ?» አላት ሳጅኑ።

«ቤት ሰው ሞልቷል። እዚህ ማልቀስም ማረምም ይቻላል» አለች። ግን አታለቅስም ነበር።

ኢንስፔክተሯ ግራፉን አሳየቻት። መምህርቷ ለአፍታ አየችውና ገፋችው።

«ቁጥሩ የት አለ?»

«ይኸው እኮ ነው።»

«ይህ ሥዕል ነው። እኔ የምጠይቅዎት መዝጋቢው የጻፈውን ቁጥር ነው።»

ኢንስፔክተሯ ከሒሳብ ጋር የተለያየችው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ በሰላምም አልነበረም። ቢሆንም መዝገቡን አስገልብጣ ይዛ ነበር። የዚያን ቀን እስከ ሰባት ሰዓት የጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ከአምስት፣ አራት። ስድስት ሰዓት ከሩብ፣ ዜሮ። ለሰባት አሥር ጉዳይ፣ አራት።

መምህርቷ ቆማ ጠመኔ አነሣች። ሦስት ነጥብ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሳረፈች።

«ፕሮግራሙ የሚያውቀው እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው። በመካከላቸው ስላለው ጊዜ ማንም አልነገረውም። ካልነገሩት ደግሞ ነጥብን ከነጥብ በቀጥታ መስመር ያገናኛል፤ ልማዱ ነው። ደረጃ መሆኑን ካላሳወቁት ደረጃውን ዳገት ያደርገዋል። ተማሪዎቼም ሁሌ በዚህ ይሳሳታሉ። ሰው ከአንደኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ሲረግጥ በመካከሉ አየር ላይ አይቆምም።»

«ስለዚህ መንፊያው ቀስ ብሎ አልደከመም።»

«አልደከመም። ባንድ ጊዜ ነው የጠፋው። ማዞሪያ ደግሞ በራሱ አይዞርም።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ወዲያው አቃናችው። «ሰው ነው ያዞረው።»

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። «ባሏ ሞቶ ‹ቁጥሩ የት አለ› የምትል ሴት! እኔ እሷን ነው የምጠረጥረው።»

ኢንስፔክተሯም ጠርጥራት ነበር፤ ሥራዋ ነውና። መምህርቷ ግን ያን ቀን እስከ ሰባት ሰዓት ስድሳ ተማሪ ስትፈትን ውላለች።

*

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ለምርት ኃላፊው ስለ ሁለት ተኩል ነገረችው። ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ልክ ነዎት! እንዴት ሳላየው? ደረጃ ነው እንጂ ቀጥታ መስመር አይደለም። የፕሮግራሙ ልማድ አታለለኝ።» ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረገ፣ ማተሚያውም አዲስ ወረቀት ተፋ።

በአዲሱ ግራፍ ዳገት የለም። መስመሩ ከሁለት ሰዓት ከአምስት ጀምሮ ዜሮ ላይ ተኝቷል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ አራት ይዘላል።

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ... መናገሩ ይከብደኛል። መንፊያው ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም ማለት ነው። ጠዋት ሲፍቅ ብቻ ስለነበር አልጎዳውም። ቀለሙን ሲከፍት ግን... ጠዋት ሣጥኑ ጋ የነበረው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ስህተቱን ሲረዳ ሮጦ መጥቶ ሳይከፍተው አይቀርም።»

ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ጣቢያ ተወሰደ። ጠበኛ ወንድም፣ የሣጥኑ ቁልፍ፣ ጠዋቱን ብቻውን፤ ሳጅኑ በጣቱ እየቆጠረ «ሌላ ምን ቀረ?» አለ።

ሰውየው አልተከራከረም። ግራፉን ለረጅም ጊዜ አየና ወደ ጠረጴዛው መለሰው።

«ማታውን ጠጥቼ ነበር» አለ። «ጠዋት ራሴ ይዞር ነበር። ማዞሪያውን የያዝኩት ይመስለኛል... ግን ሁልጊዜ የማደርገው ነገር ስለሆነ ትናንት ከዛሬ አይለይልኝም። ምናልባት አልከፈትኩት ይሆናል።»

«ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይስ ማን ከፈተው?»

«አላውቅም። ወረቀቱ ካለ ልክ ይሆናላ። ጻፉት፤ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እፈርማለሁ።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ የካዱ ብዙ አይታለች፤ ሳያስታውስ ለማመን የሚቸኩል ግን የመጀመሪያዋ ነው። ጠቡ ሁለት ዓመት አለያይቷቸዋል። ይህ ሰው ግን አሁን የሚፈልገው ቅጣት ብቻ ይመስል ነበር።

«ዛሬ አትፈርምም» አለችው። «ነገ አስታውሰህ ትነግረኛለህ።»

አለቃዋ ስልክ ደወለ። ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል ወሬ ደርሶታል። «እስከ ነገ ማታ ድረስ ይታገሱኝ» አለችው፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ዘጋችው።

*

ጠዋት ብቻዋን ወርክሾፑ ተመለሰች። ጠባቂዋ ሥራ አልጀመረችም፤ ባዶው ታንከር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«የዚያን ቀን ጠዋት መንፊያው ሲሠራ ሰምተሻል?»

«ምን ብዬ ልማልልሽ? መጭመቂያው ይጮኻል፣ መፍጫው ይጮኻል። እዚህ የራስሽን ሐሳብ እንኳ አትሰሚም።»

«የበጠበጠበት ጣሳስ የት ነው?»

ጣሳው በማስረጃነት ከተቀመጠበት መጣ። አንገቱ ላይ በክር የታሠረ ቁራጭ ወረቀት አለ። ይህ ቀለም ማጠንከሪያው ከተጨመረበት ብዙ ሳይቆይ ይደርቃልና አባ ጥራት የበጠበጠበትን ሰዓት ሳይጽፍ አይነካውም ነበር። በእጁ ጽሑፍ፣ ፊደሎቹ እኩል ተሰልፈው፣ «ለስድስት አሥር ጉዳይ» ይላል።

«እንዲህ ከግማሽ በላይ ግድግዳ ለመቀባት ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ጠባቂዋ ወደ ታንከሩ አፍ ጎንበስ ብላ አየች። «ለሌላው አሥር ደቂቃ። ለእሱ ሃያ። ብሩሹን ሦስት ጊዜ ሳያመላልስ አይለቅም።»

ኢንስፔክተሯ በልቧ አሰላች። ለስድስት አሥር ጉዳይ፣ ሃያ ጨምር፤ ስድስት ከአሥር። አየር በሌለበት አምስት ደቂቃ የማይቆይ ሰው ሃያ ደቂቃ ሙሉ በጥንቃቄ ቀብቷል። እንግዲያው አየር ነበረው። የኃላፊው ሁለተኛ ግራፍ ግን በዚያን ሰዓት መንፊያው ጠፍቷል ይላል።

ከኤሌክትሪሺያኑ በተቀበለችው ቁልፍ ሣጥኑን ከፈተች። የመዝጋቢው ትንሽ መስኮት ከማዞሪያው በላይ ነው። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ማዞሪያውን ከዜሮ ወደ ሁለት አዞረችው። ቀጭ። በመስኮቱ አዲስ መስመር ወጣ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ሁለት። ቆማ ጠበቀች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሌላ መስመር አልወጣም። ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሰችው፤ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ፣ ዜሮ።

ከዚያው ቆማ ወደ መምህርቷ ደወለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደረጃ ሲሣል ከነጥቡ ወደ ግራ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ቀኝ?»

መምህርቷ በጥያቄ መለሰች። «ማን ወደ ግራ ሣለው?»

«መጀመሪያ ይመልሱልኝ።»

«እሱ ነው ዋናው ጥያቄ። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ይሠራል፤ አንዱ ምርጫ አዲሱ ቁጥር ከነጥቡ በኋላ ይቆያል ይላል፣ ሌላው ከነጥቡ በፊት ነበር ይላል። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ሁለት ዓይነት ነጥብ የማስሥላቸው። የዚያች ቅጽበት ባለቤት የሆነው ደረጃ ጫፉ ላይ ሙሉ ነጥብ ይደረግለታል። ለቅቆ የሄደው ክፍት ክብ ይደረግበታል፤ እስከዚህ ደርሻለሁ፣ እዚህ ላይ ግን የለሁም እንደማለት። የቱ እንደሆነ ደግሞ መዝጋቢውን እንጂ ግራፉን አይጠይቁም። መዝጋቢው የሚጽፈው ማዞሪያው ሲነካ አዲሱን ቁጥር ከሆነ...»

«አሁን ነክቼው አየሁ። አዲሱን ነው የሚጽፈው።»

«እንግዲያው ወደ ቀኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ስድስት ከሩብ አራት። ከዚያ እስከ ለሰባት አሥር ጉዳይ ዜሮ።» መምህርቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሠላሳ አምስት ደቂቃ።»

ኢንስፔክተሯ ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

«ባለቤትዎ በዚያ ሰሞን የነገረዎት ነገር አለ?»

«ሰኞ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ለምን ስለው ‹ሳልጨርስ አልናገርም› አለኝ። እሱ እንዲህ ነው፤ ሳይደርቅ አያስነካም።»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘግታ ስትዞር ጠባቂዋ ከኋላዋ ቆማለች። በሁለት እጇ ሁለት የቀለም ጣሳ ይዛ ነበር።

«ሰማሁሽ» አለች። «ይኼኛው ለሚጠጣ ውኃ የሚሆን ነው። ይኼኛው ለነዳጅ ታንከር ነው። ለሆስፒታል የሄዱት ሦስት ታንከሮች በነዳጁ ቀለም ነው የተቀቡት፤ አባ ጥራት ፈቃድ ላይ እያለ። ሲመለስ አንድ ጊዜ አሽትቶ አወቀ። ‹እትዬ፣ በሽተኛ ነው እኮ የሚጠጣው› ብሎኝ አለቀሰ።»

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«የሰው እንጀራ ላይ ነኝ። ልቡ ነው ሲሉ ልቡ ነው ብዬ ተቀበልኩ።»

«ማን ነው እንዲቀባ ያዘዘው?»

ጠባቂዋ ቀና ብላ የመስታወቱን ቢሮ አየች።

*

ቀሪው የእግር ሥራ ነበር። ሳጅኑ የበሩ ዘበኛ በጠቆመው መሠረት ክሊኒክ ሄዶ መዝገብ አስገለጠ። ኤሌክትሪሺያኑ ጣቱን መፍጫ የቆረጠውን ሠራተኛ ይዞ ስድስት ሰዓት ላይ ገብቷል፤ ሐኪሙ ሲሰፋ አጠገቡ ነበር፤ በበሩ ዘበኛ መዝገብም የተመለሰው ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው።

«ሰውየው ራሱ ለምን አልነገረንም?» አለ ሳጅኑ።

«ስለ ጠዋቱ እንጂ ስለ ምሳ ሰዓት አልጠየቅነውማ። ግራፉ ዓይናችንን ጠዋት ላይ ቸንክሮት ነበር።»

ምግብ ቤት ውስጥ ዋናዋ ወጥ ሠሪ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። «ኢንጂነሩ? ምሳውን በጊዜ ነው የሚበላው፤ ስድስት ከአሥር ላይ ሁልጊዜ ከድኜ አስቀምጥለታለሁ። የዚያን ቀን ግን አልመጣም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሳይነካ አነሣሁት። ጨው በዛ እንዴ ብዬ ሁሉ ተጨንቄ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መስታወቱ ቢሮ ስትወጣ ሳጅኑና የጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ አብረዋት ነበሩ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት።

«አመነ አሉ ወንድምየው። ምስኪን።»

«ኮምፒውተርዎን ለማየት ፈቃድ ይዘናል» አለች።

ባለሙያው ተቀመጠ። ግራፎቹ ያሉበትን ማኅደር ለማግኘት ብዙ አልፈጀበትም። «ሦስት ፋይል አለ» አለ።

«ሁለት ነው የሠራሁት» አለ ኃላፊው።

«ሦስት ነው። ይኼ ዳገቱ ነው። ይኼ እርስዎ ለኢንስፔክተሯ ያተሙት፣ ወደ ግራ የተሣለው። ይኼኛው ደግሞ ደረጃ ነው፤ ወደ ቀኝ የተሣለ።» ፋይሉን ከፈተው። መስመሩ ጠዋቱን ሙሉ አራት ላይ በእርጋታ ይሄዳል፣ ስድስት ከሩብ ላይ ገደል ይገባል፣ ለሰባት አሥር ጉዳይ ላይ ይመለሳል።

«መቼ ነው የተሠራው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሰውየው በሞተበት ቀን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ።»

ኢንስፔክተሯ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«በስምንት ሰዓት ከሃያ እኔ ታች አስከሬኑ አጠገብ ነበርኩ። ነርሷ ልቡ ነው ብላለች። መንፊያው ይሠራል። ስለ መንፊያው የሚጠረጥር አንድ ሰው አልነበረም። እርስዎ ግን እዚህ ወጥተው ትክክለኛውን ግራፍ ሠሩ፤ መዝገቡ ምን እንደሚያጋልጥ ለማየት። አዩት። ደበቁት። የደሙ ምርመራ እውነቱን ሲያወጣ ዳገቱን ሰጡኝ። ዳገቱ አላዋጣ ሲል ወደ ግራ አዞሩት። ፕሮግራሙ ተሳስቶ አያውቅም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም።»

«ይህ ሁሉ ስለ ፋይል ነው» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል። «ጠዋቱን ስብሰባ ላይ...»

«ስለ ጠዋቱ አልጠየቅኩዎትም። አሁንም አልጠይቅም። ከስድስት ከሩብ እስከ ለሰባት አሥር ጉዳይ የት ነበሩ?»

ኃላፊው አንዱን እስክሪብቶ አነሣ። መልሶ ሲያስቀምጠው ከሌሎቹ ጋር አልተስተካከለም፤ እሱም አላስተካከለውም።

«ምሳ...»

«ምሳዎ ሳይነካ ተነሥቷል።»

ኃላፊው እንደ ደከመው ሰው ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«ልገድለው አልነበረም። ታንከሮቹ ካልተመለሱ ሰኞ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር። ትንሽ ራሱን አዙሮት ይወጣል ብዬ ነው። ታሞ ቢተኛ ሰኞ ያልፋል፤ እስከዚያ ታንከሮቹን በጥገና ስም አስመልሼ አስቀባቸዋለሁ። ትክክለኛው ቀለም ዘግይቶ ነበር፣ ርክክቡ ደግሞ ደርሷል። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የፈረምኩት። አሥር ደቂቃ ነበር ያሰብኩት።»

«ሠላሳ አምስት ነው የቆሙት።»

«ሄጄ የታንከሩ አፍ ላይ ቆምኩ። ብጠራው ዝም አለ። ገብቼ ባወጣው እኔ መሆኔ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ጠብቄ... ጠብቄ ከፈትኩት።»

ሳጅኑ የኃላፊውን እጅ በካቴና አሠረው።

ኢንስፔክተሯ ከቢሮው ሳትወጣ ጤና ቢሮ ደወለች። ሦስቱ ታንከሮች ወደ የትኞቹ ሆስፒታሎች እንደሄዱ አስመዝግባ፣ ቧንቧዎቹ ዛሬውኑ እንዲዘጉ ጠየቀች። እስኪያረጋግጡላትም ስልኩን አልዘጋችም።

*

ጣቢያ ስትመለስ ኤሌክትሪሺያኑ በዕቃ ማስረከቢያው መስኮት ፊት ቆሟል። ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ተቀብሏል፤ ለማሰር ግን ጎንበስ አላለም። መምህርቷ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷም ከእሱ ጋር አልተነጋገረችም።

«ነገሩን ነግረውሃል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«እሱ ነው አሉኝ። ግን...» ከንፈሩን ነከሰ። «ያ ጠዋት። እኔ ያን ጠዋት ከፍቼው ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ከቦርሳዋ ሦስተኛውን ግራፍ አወጣች። እሱ ግን እንደገና ግራፍ እንዲያሳዩት የፈለገ አይመስልም፤ ፊቱን አዞረ። ያኔ መምህርቷ ተነሥታ ወረቀቱን ተቀበለችና አጠገቡ ቆመች።

«እየው እንጂ» አለችው፤ ጣቷን ግራ ጫፍ ላይ አደረገች። «ይኼ አንተ ነህ። ሁለት ሰዓት ከአምስት፣ አራት ላይ። እዚህ ድረስ አልወረደም፤ አንድም ጊዜ። አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሙሉ የተነፈሰው አንተ የከፈትክለትን አየር ነው።»

ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መምህርቷም ከባሏ ሞት ወዲህ ሰው ፊት ያላለቀሰችውን እዚያው ቆማ አለቀሰች። ሳጅኑ ሰነድ የሚፈልግ መስሎ ወደ ጓዳ ገባ።

በመጨረሻ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጎንበስ አለችና የአንድ ጫማውን ማሰሪያ ራሷ አሠረችለት።

«ሌላውን አንተ እሰረው» አለች። «ልጆቹ አጎታችን የት ሄደ እያሉኝ ነው። ና፣ ወደ ቤት እንሂድ።»